ጠብቂ፣ ሰውየው ይምጣ

ወንበር ያገኛችሁ ተቀመጡ፤ ያላገኛችሁ የመዝገብ ቤቱን መሰላል ተደገፉ፤ ሹፌራችን፣ አንተ ደግሞ ከኬኩ አጠገብ ዞር በል፣ ገና ነው። መጀመሪያ እኔ ልናገር። የዛሬውን የጡረታ ተሸኚ አጅባችሁ የመጣችሁ እንግዶች አታውቁኝ ይሆናል፤ እኔ የዚህ ቅርንጫፍ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ዕድሜዬን የሰው በር ሳንኳኳ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ ሳይከፈትልኝ አልመለስም፤ ንግግሩ ረዘመ ብላችሁ ሰዓታችሁን ብታዩ የምትደክሙት ለራሳችሁ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ዛሬ ጠዋት የፈተናው ውጤት ተለጥፏል። ለእንግዶች ስል ላስረዳ፦ እዚህ ቤት ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሻገር የውድድር ፈተና አለ፤ በፈተናው ውስጥ ደግሞ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚባል ክፍል አለ። ሒሳቡን እንደምንም ትወጡታላችሁ፤ ቃላቱ ላይ ያልተንሸራተተ ሠራተኛ ግን የለም። እኔ ሁለት ጊዜ ተንሸራትቼ ሁለቱንም ጊዜ በወገቤ ነው የወደቅኩት። የምወዳደረው እታች ላለው የደንበኞች መስኮት ነው፤ ወንበር ያለው ሥራ። ጉልበቴ ከእንግዲህ ቆጣሪ ሥር አልንበረከክም ካለ ሰነባብቷል፤ ዕድሜዬ ደግሞ ከዘንድሮ ወዲያ ለፈተናው አይፈቅድልኝም። ዘንድሮ ካላለፍኩ እንግዲህ እስከ ጡረታዬ ድረስ እኔና የሰው ውሻ ነን።

ውጤቱን ሄጄ አይቼ መጥቻለሁ። እዚህ ካላችሁት አንዳችሁም አታውቁትም፤ የዛሬው ተሸኚም አያውቁትም። ጠዋት በር ላይ ጠብቀው ያዙኝና "እህስ?" አሉኝ። ፊቴን እንደ ግድግዳ አድርጌ፣ ለዓመታት ሲሉኝ የኖሩትን መለስኩላቸው፤ "ይጠብቁ፣ ሰውየው ይምጣ!" ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለስላሳቸውን እንኳ አልቀመሱም። ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ! የምናገረው በመጨረሻ ነው። መጠበቅ እንዴት እንደሚያቃጥል እስቲ ዛሬ እርስዎም ይቅመሱት።

አሁን እሳቸው ወደዚህ ቤት ወደገቡበት ቀን ልመለስ። እኔ ያን ጊዜ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ፤ በዓይኗ ያየችው ከእሳቸው ቀድማ ጡረታ የወጣችው፣ እናታችን የምንላት የያኔዋ ታይፒስት ናት። ይኸው ከፊት ተቀምጣ ከአሁኑ እየሳቀች ነው፤ ከዋሸሁ ታርመኝ። አንድ ቀጭን ጎረምሳ የአጎቱን ኮት ለብሶ በዚያ በር ገባ። ኮቱ ሌላ ሰው ቢጨመርበትም ይበቃል። ደረቱ ላይ መታወቂያ ተለጥፏል፤ ከስሙ በታች በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ተጽፏል፤ "ቴምፖራሪ"። ጊዜያዊ ማለት ነው፤ ለጥቂት ወር የተቀጠረ። ልጁ ግን የሥራ መደቡ መጠሪያ መስሎታል። ከቤት እናቱ "ልጄ፣ ምን ሆነህ ተቀጠርክ?" ሲሉት አፉን ሞልቶ "ቴምፖራሪ!" ብሏቸዋል። እሳቸውም ውለው አላደሩም፤ በየጎረቤቱ ዞረው "ልጄ ቴምፖራሪ ሆነ!" ብለው አዳረሱ። ልጇ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነላት ጎረቤት ሳትቀር ቀናች አሉ።

የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ኮሪደር ላይ አግኝቶት "አንተ ደግሞ ማነህ?" ይለዋል። ልጁ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፤ ከዚያ "አዲሱ ቴምፖራሪ ነኝ ጌታዬ! እግዜር ካለ ጠንክሬ ሠርቼ ዋና ቴምፖራሪ እሆናለሁ!" አይል መሰላችሁ? ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ውጦ ቢሮው ገባና በሩን ዘጋ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ግን ታይፒስቷ ትንገራችሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ በሙሉ "ዋና ቴምፖራሪ፣ እንዴት አደሩ?" ይለው ጀመር፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ሳቁ፣ ሳቁ። የዚህ ታሪክ ጅራት ግን ሌላ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያ ልጅ ነው እንግዲህ ቆይቶ የመዝገብ ቤታችን ሹም፣ ቆይቶም ጋሽ ጠብቅ የሆነው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ለምን እንዳወጣን ልንገራችሁ። እኔ አዲስ የገባሁ ሰሞን እንደማንኛውም ሰው ቃላት በወረቀት ጽፌ፣ ከበር በር ስሄድ እሸመድድ ነበር። ውሻ ሲያባርረኝ ወረቀቱ በአንድ በኩል፣ ቃሉ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል። አንድ ቀን መዝገብ ቤት ገብቼ "ጋሼ፣ ሪላክታንት ምን ማለት ነው?" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከፋይሉ ሳያነሱ "ጠብቂ፣ ሰውየው ይምጣ" አሉኝ።

"የትኛው ሰውዬ?"

"ጠብቂ አልኩሽ።"

ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ሹፌራችን ገባ፤ ቧንቧ የፈነዳበት ሰፈር ባለሙያ እንዲያደርስ ትዕዛዝ ተሰጠው። ቁልፉን አነሳ። መልሶ አስቀመጠ። "ጎማው ትንሽ..." አለ። ጎማው ደህና ነው ተባለ። ቁልፉን አነሳ። "ዝናብ ሳይመጣ ይቀራል?" አለ። በመስኮት አየን፤ ጠራራ ፀሐይ ነው። በረጅሙ ተነፈሰ፣ የጫማውን ክር ፈቶ አሰረ፣ ወጣ፤ ከበሩ ተመልሶ ጭንቅላቱን ብቻ አስገባና "ነገ ቢሆንስ?" አለ። ጋሽ ጠብቅ በአገጫቸው ወደ እሱ እያመለከቱ "ይኸውልሽ ሪላክታንት" አሉኝ። እግሩ እየሄደ ልቡ የማይሄድ ሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ቃል ልርሳው ብል እንኳ እሱ አይለቀኝም። ሹፌሬ፣ አትቆጣ፤ ባንተ የተነሳ ስንት ሰው ነጥብ አግኝቷል መሰለህ።

"ቃል ወረቀት ላይ ብቻውን ሲተኛ ብርድ ይመታዋል፤ ሰው ቤት አስገቢው" ይሉ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን መልአኩ ሥራ ፈቷል፣ ስም የሚያወጡት ጋሽ ጠብቅ ናቸው። ጸሐፊያችንን እዩዋት። ማኅተም ከመምታቷ በፊት ወረቀቱን በማስመሪያ ትለካለች፤ መትታ ከጨረሰች በኋላ ደግሞ ወደኋላ ራቅ ብላ ሥዕል እንደሚያይ ሰው ታየዋለች። "ሜቲኩለስ" ናት፤ ከጥንቃቄ የተነሳ ነጥብ ሳይቀር የምትቆጥር። ሥራ አስኪያጃችንስ? ጌታዬ፣ ይቅርታ፤ ዛሬ ግን ማንም አያስጥልዎትም። ፈቃድ ሲጠየቁ "እናያለን" ይላሉ። ዕድገት ሲጠየቁ "እናያለን"። የደረጃው አምፖል ይቀየር ሲባል "እናያለን"። ይሁን አይሁን አይታወቅም። ይኸውላችሁ "አምቢጉየስ"! አንድ ጊዜ ጋሽ ጠብቅ ፊት ለፊታቸው ቆመው "ጌታዬ፣ ይህን ቃል ለእርስዎ ብሰጠው ቅር ይልዎታል?" ብለው ጠየቋቸው። መልሱን ገምቱ።

የጥበቃችን ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ከምሳ በኋላ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ፣ አገጩን ዱላው ላይ አስደግፎ ያሸልብ ነበር። ጋሽ ጠብቅ መጥተው፣ ደንበኛ በተሰለፈበት፣ ጮክ ብለው "ቪጂላንት! እንዴት ዋልክ?" አሉት። ብንን አለ። "ምን አሉኝ?" "ቪጂላንት። ዓይኑ የማይከደን፣ ኮሽታ የማያመልጠው ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው።" ሰውየው ስሙ ከበደው። ደንበኛው ሁሉ "ቪጂላንት" እያለ ሰላም ሲለው እንዴት ብሎ ያንቀላፋ? ይኸው ዛሬ ያለ መታወቂያ ጥላዬን እንኳ አያስገባም።

ጉዱ የፈላው አንድ የውጭ የፓምፕ ባለሙያ ሊጎበኘን የመጣ ዕለት ነው። አስተርጓሚ ቀረ፤ ጋሽ ጠብቅ "እኔ አለሁ" ብለው ኮታቸውን ለበሱ። እንግዳውን በየክፍሉ እያዞሩ እያንዳንዳችንን በክፉ ሳያስቡ በየቃላችን አስተዋወቁን። ሹፌራችን መሄድ አይወድም፣ አለቃችን ቁርጡ አይታወቅም፣ ገንዘብ ያዣችን እንዲህ ናት፣ ጥበቃችን እንዲያ ነው። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሁሉንም ጻፈ። በኋላ የመጣው ሪፖርት ስለ ፓምፑ አንድ ገጽ፣ ስለ ሠራተኞቹ ጠባይ ሦስት ገጽ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን አንብበው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "እናያለን!"

አሁን ገንዘብ ያዣችንን አነሳሁ። እህቴ፣ ልናገረው አይደል? እሺ ብላለች፤ መስክሩልኝ። ለእሷ የተሰጣት ቃል "ፍሩጋል" ነበር። እንግዶች፣ እሷን ለማወቅ መስኮቷን ማየት ይበቃል። እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል። አግራፍ ስትሰጣችሁ "ትመልሻለሽ አይደል?" ትላለች። ካርቦኑን ወዲያ ማዶ እስኪያሳይ ድረስ ትጠቀምበታለች። ሰው ከክፍሉ እግሩ ሳይወጣ መብራቱ ጠፍቷል። እኛም ይህን ሁሉ እያየን፣ ቃሉን በልባችን እንዲህ ተረጎምነው፤ "ፍሩጋል ማለት ስስታም ማለት ነው።" ጋሽ ጠብቅን የጠየቃቸው የለም። ምን ይጠየቃል? ሰውየዋ መጥታለች፣ እዚያው ተቀምጣለች።

በዚያ ዓመት ከዚህ ቅርንጫፍ ሰባት ሆነን ተፈተንን። ቃሉ ወጣ! ከምርጫዎቹ መካከል ቆጣቢ የሚልም አለ፣ ስስታም የሚልም አለ። ሰባታችንም እየሳቅን ስስታም የሚለውን መረጥን። በዚያ ጥያቄ የተሳሳተው ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ ተፈታኝ ሁሉ በየፊናው ነው የተሳሳተው፤ እኛ ግን በመስመር ተሰልፈን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባን። ፈታኞቹ "ኮርጀዋል!" አሉ። የሰባታችንም ውጤት ታገደ። ያኔ ሁለት ሰዎች ዕድገታቸው በዚያ ፈተና ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና ቤቱ የኀዘን ቤት መሰለ።

ከፈተና ክፍሉ አንድ መርማሪ መጣ፤ ቡናማ ቦርሳ፣ ጠባብ ዓይን፣ ሳቅ የሚባል ነገር ቤቱ ያልደረሰ። መዝገብ ቤት ገብቶ በር ዘግቶ አንድ በአንድ አስጠራን። መጀመሪያ የገባው ሹፌራችን ነው፤ ለመግባትም መቼም ታውቁታላችሁ። እኛ በበሩ ቀዳዳ ጆሯችንን ጣል አድርገናል።

"ይህን መልስ ከማን ነው የኮረጅከው?"

"ከማንም አልኮረጅኩም ጌታዬ። ከገንዘብ ያዥዋ ነው ያወቅኩት።"

"ገንዘብ ያዥዋ ተፈትናለች?"

"ኧረ አልተፈተነችም።"

"ታዲያ ያልተፈተነች ሴት እንዴት መልስ ትሰጥሃለች?"

"ጌታዬ፣ አልሰጠችኝም። መልሱ እሷ ራሷ ናት።"

መርማሪው የቀረነውንም ጠራን። እኔም ገባሁ፣ ጸሐፊያችንም ገባች፤ ሁላችንም ተራ በተራ ስለ ሲባጎው፣ ስለ አግራፉ፣ ስለ ካርቦኑ ነገርነው። ሰባት ሰው ተለያይቶ አንድ ታሪክ ሲናገር ሰውየው ግራ ገባው። በመጨረሻ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና "እስቲ ይህችን ሴት አምጧት" አለ።

መጣች። "ፍሩጋል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?" አላት። "የኔ ቃል ነው፤ ቆጣቢ ማለት ነው" አለች፣ እንደዋዛ። "እነዚህ ግን ሰባቱም ስስታም ብለው ነው የመለሱት።" ዞር ብላ አየችን። አንዳችንም ዓይኗን ማየት አልቻልንም፤ ሹፌራችን ጫማውን ማሰር ጀመረ። "እኔ?" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ መስኮቷ ተመልሳ መሳቢያዋን ስባ አንድ ጥቅል ይዛ መጣች፤ በአንድ በኩል የተጻፈበት ወረቀት፣ እኩል እኩል ተቆርጦ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ። "ቃል የምትጽፉበትን ወረቀት ከየት ታመጡ ነበር?" አለችን። የሁላችንም ኪስ በእሷ ወረቀት የተሞላ ነበር። ስንጠይቃት አንድም ቀን "የለም" ብላን አታውቅም። "ስስታም የሚደብቀው ለራሱ ነው" አለች።

ያን ጊዜ ጋሽ ጠብቅ ከመደርደሪያው ኋላ ወጡ። "ጌታዬ፣ ቃሉን በትክክል ነው የሰጠሁት፤ ሰውየዋን ግን አጥርተው እንዲያዩ አላደረግኩም። ስህተቱ የኔ ነው። እንደ ተማሪ ይቅጡኝ፤ የነሱን ውጤት ግን አይንኩባቸው" አሉ። መጀመሪያ የመርማሪው ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ያ ሳቅ የማያውቅ ሰው ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። ሲበቃው ዓይኑን ጠርጎ "ለእኔስ ምን ትሰጡኛላችሁ?" አለ። ጋሽ ጠብቅ ጊዜ አልፈጁም፤ "ስኬፕቲካል። እውነት ሲነግሩትም አገላብጦ የሚያይ" አሉት። እገዳው ተነሳ። ሁለቱም ሰዎች ዕድገታቸውን አገኙ። እኔን ምርመራው ነፃ አወጣኝ እንጂ ውጤቱ አላወጣኝም፤ በሌሎቹም ቃላት ወድቄ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መዝገብ ቤት አዲስ ሕግ ወጣ። ማንም ሰው ቃል ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሳምንት ዝም ተብሎ ይታያል። ለፈተና ብለን ሰው ማየት ጀመርን እላችኋለሁ። ጸሐፊያችን በማስመሪያ የምትለካው አንድ ጊዜ በተጣመመ ማኅተም የተነሳ አንዲት አሮጊት ደንበኛ ከሌላ ከተማ ድረስ ተመልሰው ስለመጡ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ለገንዘብ ያዣችን ደግሞ ይቅርታ ለመጠየቅ የታሰረውን እስክሪብቶ ፈትተን አዲስ ገዛንላት። አዲሱንም አሰረችው።

አሁን ቀልዱን ላቁም። ጋሼ፣ ቀና ይበሉና ይስሙኝ።

የቴምፖራሪን ታሪክ ጅራት ቃል ገብቻለሁ። ያ ልጅ ለወራት ሲሳቅበት ከቆየ በኋላ ታይፒስቷ እናታችን አንጀቷ አልችል አላት። አንድ ቀን ለብቻው ጠርታ "ልጄ፣ ይህ ቃል ጊዜያዊ ማለት ነው" አለችው። ፊቱ ጠቆረ አለችኝ። ቆይቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፤ "ስንት ሰው ያውቅ ነበር?" "ሁሉም" አለችው። "ከሁሉም አንቺ ብቻ ነገርሽኝ?" አለ። ቤት ሄዶ ለእናቱ እንዴት እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ያኮርፋል፣ ወይ ቀን ጠብቆ በሌላው ይስቃል። እሳቸው ምን አደረጉ? እንግሊዝኛውን ጥርሳቸውን ነክሰው ተማሩ፣ ተፈትነው ቋሚ ሆኑ፤ ከዚያ መዝገብ ቤቱን ያላወቁትን ቃል መጠየቅ ነውር ያልሆነበት ክፍል አደረጉት። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እያለ የሚተርት ሰው ሞልቷል፤ ሲጠየቅ የማይስቅ ግን ስንት አለ? እኔ "ጋሼ፣ ይኼ ምን ማለት ነው?" ብዬ አንድ ቃል አሥር ጊዜ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። አሥረኛው ላይም "ጠብቂ፣ ሰውየው ይምጣ" ነው ያሉኝ እንጂ "ትናንት ነግሬሽ አልነበር?" አላሉኝም። አንድ ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት በዕድገት ወስዷቸው ነበር። ብዙ ሳይቆዩ ለምነው ተመለሱ። "ምነው ጋሼ?" ስንላቸው "እዚያ ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠይቅ ሰው የለም" አሉ። እኛ የማናውቅ በመሆናችን እንዲህ የተወደድንበት ሌላ ቦታ የለንም።

አሁን ወደ ፈተናዬ። አዳራሹ ውስጥ ስልክ አይገባም፣ ወረቀት አይገባም፣ ቦርሳ በር ላይ ይቀራል። እኔ ግን ይህን መሥሪያ ቤት በሙሉ ይዤ ነው የገባሁት። የቃላቱን ክፍል ገለጥኩ። አንደኛው ጥያቄ ላይ ሹፌራችን ቁልፉን ይዞ "ነገ ቢሆንስ?" አለኝ። ሦስተኛው ላይ ጸሐፊያችን ማስመሪያዋን አወጣች። ዝቅ ስል ሥራ አስኪያጃችን "እናያለን" አሉ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ተቆጣጣሪዋ መጥታ "ምን ያስቅሻል?" አለችኝ። "ሹፌራችን ነው" አልኳት። ዙሪያውን አየች፤ ሹፌር የለም። በሁለቱም ዓመት ብቻዬን ነበር የምቀመጠው፤ ወረቀትና እኔ፣ አፍጥጠን። ዘንድሮ የማላውቀው ቃል እንኳ ሲመጣ አልደነገጥኩም፤ "ጠብቂ" አልኩ ለራሴ፣ አንዱ እስኪመጣ ድረስ።

ጋሼ፣ አልፌያለሁ።

አይነሱ... እሺ ይነሱ፤ ይምጡ። ያልቅሱ፣ ግድ የለም፤ ኮቱ የአጎትዎ አይደለም። እኔም ጉልበቴም እናመሰግንዎታለን። ከሰኞ ጀምሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ደንበኛ እቀበላለሁ፤ የዚህ ከተማ ውሾችም እንግዲህ ይረፉ።

ገና አልቀመጥም፤ አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው ሳምንት የጡረታ ደብዳቤዎ ሲመጣ ጥበቃችን አብሮዎት ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አይቶ "ጋሼ፣ ሪታየር ምን ማለት ነው?" አለዎት። እርስዎም "ሥራ ትቶ መሄድ" ብለው መለሱለት። ወዲያው፣ በደረቁ! "ጠብቅ" አላሉትም፣ "ሰውየው ይምጣ" አላሉትም። ቪጂላንት ኮሽታ አያመልጠውምና ሮጦ መጥቶ ነገረን። "ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ያለ ሰው ሰጡኝ" አለ።

ስለዚህ ቃሉን ሰው ቤት ልናስገባው ነው። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ቅድም ኮሪደር ላይ የነገሩኝን ልናገርብዎት ነው። "ቤት ከዋለ መከራዬ ነው፤ ትናንት ድመቷን 'ኢንዶለንት' አላት፣ ታካች ናት ብሎ። ነገ ደግሞ ለእኔ ሊያወጣ ነው። እባካችሁ በሳምንት አንድ ቀን ውሰዱልኝ" አላሉኝም? ብለዋል። ጥበቃችን ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ፈተና ተመዝግቧል፤ ሰኞ ከሰዓት መዝገብ ቤት ይከፈታል ወይ ብሎ እየጠየቀ ነው። ጋሼ፣ ምን እንበለው? ምን አሉ? ጮክ ይበሉ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። "እናያለን" ነው ያሉት! ጌታዬ ሥራ አስኪያጅ፣ ቃልዎን ሰረቁብዎት!

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ከእትዬ ጋር በሰላም ያኑርዎት፤ ድመቷም ትንቃ። የቀረነው በእርስዎ የተነሳ ሪታየር ማለት "ሰኞ ሰኞ ተመልሶ የሚመጣ ሰው" ነው ብለን ብንመልስና ሁላችንም በአንድ ጊዜ ብንወድቅ፣ ያ ቡናማ ቦርሳ የያዘ መርማሪም ቢመጣብን፣ አንፈራም። አዲስ ሠራተኛ ወደ መስኮቴ መጥቶ የቃሉን ትርጉም ቢጠይቀኝም እንደ እርስዎ በደረቁ አልመልስለትም። ሰዓቴን አያለሁ፣ በሩን አያለሁ፣ "ጠብቅ፣ ሰውየው ይምጣ" እለዋለሁ።

ይምጡ እንግዲህ፣ ጋሼ። ለጤናዎ!